የመሪጌታ ስለትና የእኔ ጠርሙስ

ባሕር ዳርን የሚያውቅ ይመስክርልኝ፤ ከተማዋ ሜዳ ናት። ብስክሌቱ ፍሬን ባይኖረው ግድ የማይሰጠው ሰው ያየሁት እዚህ ብቻ ነው። ከድሬዳዋ መጥቼ ፋብሪካ ከተቀጠርኩ ጀምሮ የወጣሁት ትልቁ ዳገት የቢሮአችን ደረጃ ነበር፤ እሱንም መሃል ላይ ቆም ብዬ አየር ስቤ ነው የምጨርሰው። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን «በዚህ አገር ከሁሉ ከፍ ያለው ቦታ የቱ ይሆን?» እያለ እንቅልፍ ያጣል ቢባል ማን ያምናል? እኔ ራሴ አላምንም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በምጥ ነው። ምጡ የባለቤቴ የዝናሽ ነው፤ የሆስፒታሉ ነርሶች ግን ኮሪደሩ ላይ ሁኔታዬን ሲያዩ ለእኔም አልጋ ሊፈልጉልኝ ምንም አልቀራቸው። ዝናሽ የይፋግ ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ በዚያ አካባቢ ማኅሌት የሚቆም ሰው ሁሉ ወይ የእሳቸው ተማሪ ነው፣ ወይ የተማሪያቸው ተማሪ ነው። እኛ የተጋባነው ከስብሰባ ወደ ስብሰባ በምንሮጥበት በዚያ በአብዮቱ ዘመን ነው፤ በሁለት ስብሰባ መሃል ማዘጋጃ ቤት ገብተን ፈርመን ወጣን። ሽማግሌ አልላክኩም። መሪጌታም ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልላኩብንም፤ መልኬንም አይተውት አያውቁም። ዝናሽ ስለዚህ ነገር አታወራም፤ የይፋግ ሰው ባየች ቁጥር ግን የአባቷን ጤና ሳትጠይቅ አታልፍም።

ምጡ ሲበረታ በአውቶቡስ ሹፌር መልእክት ላክን። መሪጌታ በማግስቱ ጠዋት እህል በጫነ መኪና ላይ ተቀምጠው ከተፍ አሉ። ከመኪናው ወርደው ሆስፒታሉ ግቢ መሃል ቆሙ፣ ለማንም ሰላምታ ሳይሰጡ ቀና አሉና ሁላችንም እየሰማን እንዲህ ብለው ተሳሉ፦

«እናትም ልጅም በደህና ከተላቀቁልኝ፣ እዚህ ቆሜ በዓይኔ ከማየው መሬት ሁሉ ከፍ ያለው ላይ ወጥቼ ጸሎት ሳላደርስ የልጅ ልጄን አላቅፍም።»

ከሰዓት በኋላ ዝናሽ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ልጅቷን ያየ ሁሉ በመጀመሪያ አፍንጫዋን፣ ቀጥሎ የእኔን አፍንጫ አየ። ስለ አፍንጫዬ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ የፋብሪካ ጓደኞቼ ከእኔ ቀድሞ በር ይገባል ይላሉ። ዝናሽ ግን «አራስ ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ይስተካከላል» ብላ ወሬውን ዘጋችው።

ቤት ስንገባ መሪጌታ ከመደቡ ጥግ ተቀምጠው እጃቸውን ጋቢ ውስጥ ከተቱ። የሠፈር ሴቶች ገንፎ ለመቅመስ በገቡ በወጡ ቁጥር ልጅቷ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፤ እሳቸው ጋ ስትደርስ ግን ጋቢው አይከፈትም። ስለት አለብኝ ይላሉ። ዝናሽ መጀመሪያ ታገሠች። ከዚያ ጓዳ ጠራችኝና ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «ይኸ ስለት አይዶለም፣ ቂም ነው። ያለ ሽማግሌ ስላገባሁ ልጄን ላለማቀፍ ያበጁት ሰበብ ነው» አለችኝ። አይደለም ብዬ ተከራከርኩ፤ ግን እኔም አላመንኩትም። መሪጌታ ደግሞ ለደብራቸው ንግሥ ማኅሌቱን የሚመሩ እሳቸው ናቸውና ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መመለስ አለባቸው። ልጄን ሳያቅፉ ከሄዱ ዝናሽ ደግማ ይፋግን በአፏ እንደማታነሳ ገባኝ።

ስለዚህ ስለቱን ቶሎ ማስፈጸም የእኔ ሥራ ሆነ። በመጀመሪያ እንግዳ ማስመዝገብ ግዴታ ነበርና መሪጌታን ቀበሌ ወሰድኳቸው። ለምን መጡ ሲባሉ «ተራራ ልወጣ» አሉ። ጸሐፊው ቀና ብሎ በመስኮቱ ሜዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ አንድ ነገር ጻፈ።

ወደ ቤት ስንመለስ ከፍ ያለ ብለው ያዩት የቱን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። በጭራቸው ወደ ቤዛዊት ጉብታ አመለከቱና «ያ ጥቁሩ ነዋ» አሉኝ። እዚህ ላይ «እሺ» ብዬ በማግስቱ ይዣቸው ብወጣ ኖሮ ይህን ወግ አልጽፍም ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። በእርግጥ ቤዛዊት ነው ከሁሉ የሚበልጠው? ማን ለክቶት? ይህን ያህል ጊዜ እዚህ ከተማ ስኖር ይህን አለመጠየቄ አስደነቀኝ።

ፋብሪካ ውስጥ ስለት የሚባል ነገር በአደባባይ አይነሳም፤ ኋላ ቀር ተብሎ በውይይት ክበብ መገምገም ያመጣል። ስለዚህ ጥያቄውን የሳይንስ ጥያቄ አስመስዬ ሻይ ሰዓት ላይ ጣልኩት። ሻይ ቤቱ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። የፈትል ክፍሉ ሰዎች ቤዛዊት ነው አሉ፤ የጥገና ክፍሉ ሰዎች የለም፣ ሐይቁ ማዶ ዘጌ ላይ ያለው ተራራ ነው አሉ። አንዱ የፋብሪካችን የውሃ ታንከር ነው ብሎ ድርቅ አለ፤ ተፈጥሮ የሠራችው መሆን አለበት ብለን በብዙ ልፋት አስተውነው። የክበቡ ሰብሳቢ በበኩሉ፣ ጥያቄው የመደብ ይዘት ስለሌለው በሌላ ጊዜ ይታይ ብሎ ሻዩን ጠጣ።

የመለኪያውን ነገር ያሰብኩት ያን ቀን ማታ ነው። ከሆስፒታል ስንወጣ ባዶ የግሉኮስ ጠርሙስ ለምኜ ይዤ መጥቼ ነበር። ግማሽ ድረስ ውሃ ሞልቼ አጋደምኩት። ውሃ መቼም ምንጊዜም ልኩን ይይዛል፤ ግንበኛ ውሃ ልክ የሚለው ይህንኑ ነው። ዓይኔን ከውሃው ፊት እኩል አድርጌ በጠርሙሱ ውስጥ አሻግሬ ሳይ፣ ከመስመሩ በላይ የወጣው ነገር ከእኔ ይበልጣል፤ ከመስመሩ በታች የቀረው ያንሳል። ደስታዬን አልችለው አልኩ። ቁም ሣጥኑን ከአልጋው ጋር፣ የእኛን ጣሪያ ከጎረቤት ጣሪያ ጋር ለካሁ። የጎረቤታችን በአንድ ክንድ ይበልጣል። ይህን ለዝናሽ ብነግራት ከዚያ ሁሉ ኀዘኗ በላይ ሌላ ኀዘን ጨመርኩባት።

እሑድ ጠዋት የቀበሌውን የጽዳት ዘመቻ ጥዬ ከመሪጌታ ጋር ወደ ቤዛዊት ተነሳን። መሪጌታ መንገዱን በሙሉ ትከሻዬን ጨብጠው ነው የሄዱት። ልቤ ተነካ። ሁለት ዓመት ቃል ያልላኩብኝ ሰው ትከሻዬን አልለቅ ሲሉ፣ ቂም ከየት መጣ፣ ፍቅር ነው እንጂ አልኩ በሆዴ። የአባይን ድልድይ ስንሻገር ድልድዩን የሚጠብቁት ወታደሮች በኮቴ ሥር የደበቅኩትን ጠርሙስ አይተው አረቄ መሰላቸውና ከቄስ ጋር እየሄድኩ በማለዳ መጠጣቴን በዓይናቸው ኮነኑት። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ቤዛዊት አናት ላይ የንጉሡ የነበረ ቤተ መንግሥት አለ። ስለዚህ ጥበቃ አለው። እኛ ግን አጥሩን ሳንጠጋ ከዳገቱ በአንድ ወገን ገላጣ ቦታ አገኘን። መሪጌታ የጸሎት መጽሐፋቸውን ከማኅደሩ አውጥተው ገለጡና ጀመሩ። አንገቴን አስግጌ ባየው መጽሐፉ ተገልብጧል። ራሱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ ሆኗል፤ እሳቸው ግን እንደ ወራጅ ውሃ ይሉታል። ስለ ቆሎ ተማሪ ኑሮ ከዝናሽ የሰማሁት ትዝ አለኝ፤ አንድ መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ መሃል ላይ ይቀመጥና ከፊት የተቀመጠውም ከኋላ የተቀመጠውም በየበኩሉ ሆኖ ያነባል፣ ገልብጦ ማንበብ የሚችለውም ለዚህ ነው ትለኝ ነበር። የአማቴ ሊቅነት እስከዚህ መድረሱ አኮራኝ። እኔም የድርሻዬን ልሥራ ብዬ ጠርሙሴን ድንጋይ ላይ አጋድሜ በአራት እግሬ ተንበረከክሁ። ሐይቁን አሻግሬ ዘጌን ስመለከት የተራራው ራስ ከውሃው መስመር በላይ ብቅ ብሏል።

«መሪጌታ፣ ይቆዩኝ፤ ያኛው ይበልጣል» አልኩ።

መሪጌታ ጸሎታቸውን ቀጠሉ። በዚህ መሃል ካኪ የለበሰ ጠብመንጃ ያነገተ ዘበኛ ከአጥሩ ወጥቶ ከጀርባዬ ቆሟል። ምን እየለካችሁ ነው ሲል እኔ ለሳይንስ አልኩ፤ መሪጌታ በዚያው ቅጽበት ለስለት አሉ። ዘበኛው ሁለታችንንም ካየ በኋላ እሳቸውን እንደሚያምን፣ እኔን ግን እንደማያምን ነገረኝ። ነገሩን ከመሪጌታ አፍ ከሰማ በኋላ ግን ጠብመንጃውን ወደ ኋላ አዞረና እሱም በጉልበቱ ወርዶ በጠርሙሱ አጮለቀ። ረጅም ጊዜ አየ። ዘጌ ይበልጣል ብሎ ፈረደ። ቀጥሎም እዚህ ግቢ አጠገብ ጸሎት አይፈቀድም፣ ውረዱ አለን። በዳገቱ ግማሽ ደርሰን ዞር ብዬ ሳይ ሰውየው መዳፉን ግንባሩ ላይ አድርጎ አሁንም ወደ ዘጌ ይመለከታል።

ያ ሳምንት ቤታችን ከበደ። መሪጌታ ከመደቡ ጥግ፣ እጃቸው ከጋቢው ውስጥ። ዝናሽ ልጅቷን ታጥባለች፣ ታጠባለች፣ እኔን አታናግርም። ባናገረችኝ ጊዜም አባቷ ልጇን ሳያቅፉ ከተመለሱ ያንን ጠርሙስ የት እንደማገኘው ነገረችኝ። የምመርጠው ቦታ አልነበረም።

የቀረችን አንድ እሑድ ናት። በጠዋት ጌሾ አራግፋ የምትመለስ ጀልባ ላይ ተሳፍረን ወደ ዘጌ አቀናን። እዚያ ያለው ከፍተኛ ተራራ አራራት እንደሚባል ስነግራቸው የመሪጌታ ፊት በራ። ከጥፋት ውሃ በኋላ መርከቧ ያረፈችበትን ስም ይዞ ጣና መሃል የተቀመጠ ተራራ ላይ እግራቸው ሊቆም ነው። እኔ ጠርሙሴን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ የሐይቁን ፊት እለካ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጠርሙሱን አዩ፣ ጥምጥም ያደረጉትን መሪጌታን አዩ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ተሳለሙና ትንሽ እንድሰጣቸው ለመኑኝ። ጠበል መስሏቸዋል። አይ እናቴ፣ ይህ ውሃ ልክ ነው ብል ማን ይሰማኛል። ጀልባው ሁሉ መዳፉን ዘረጋ። ዘጌ ስንደርስ የቀረኝ ባዶ ጠርሙስ ነበርና ጎንበስ ብዬ ከሐይቁ ሞላሁት። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ዱሩ አዞሩ፤ ጢማቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

የዘጌ ምድር ሞፈር ነክቶት አያውቅም፤ በሬም አይገባበትም። ዱሩ እንዳለ ነው፤ ከሥሩ ቡና፣ ከላይ ዋንዛ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ መሪጌታ ትከሻዬን ይዘው፣ እኔ ቅርንጫፍ እየያዝኩ፣ በየመታጠፊያው ሳል እየሳልኩ ወጣን። ያገኘነው ሰው ሁሉ ገዳም ልንሳለም የመጣን መስሎት ወደ ታች ያመላክተናል፤ የለም ወደ አናቱ ነው ስንል ምን ልታደርጉ ይላል። እኔም ዳገቱ እየከበደ ሲሄድ ይህንኑ ራሴን እጠይቅ ጀመር። በመጨረሻ ከዚህ በላይ መሬት የሌለበት ቦታ ደረስን። የማውቀውም በሁሉም በኩል ቁልቁለት ስለሆነ ብቻ ነው፤ ዙሪያውን ቡናና ቅጠል ነው፣ ሰማይ እንኳ በቁራጭ ነው የሚታየው።

መሪጌታ መጽሐፉን ሳያወጡ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎታቸውን ጀመሩ። እኔ ግን አላስችል አለኝ። እዚህ ድረስ መጥቼ ሳልለካ ልመለስ? ጫማዬን አወለቅኩ፣ ጠርሙሱን ኮት ኪሴ ከተትኩ፣ አንድ ትልቅ ዋንዛ ላይ ወጣሁ። ደረጃ ትንፋሽ የሚያሳጥረው ሰው እንዴት ወጣ አትበሉኝ፤ እስከ ዛሬም አላውቅም። ቅጠሉን አልፌ ራሴን ሳወጣ ሐይቁ ከእግሬ ሥር ተዘረጋ። ባሕር ዳር አንድ ጭብጥ ቆርቆሮ ሆናለች። ጠርሙሱን ቅርንጫፍ ላይ አጋድሜ ዙሪያውን ለካሁ። ቤዛዊት ከመስመሩ በታች። ታንከሩ ከመስመሩ በታች፤ ይህን ለሻይ ቤቱ ያዝኩት። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞርኩ።

የጥቅምት አየር ጥርት ያለ ነው። ከሐይቁ ማዶ፣ ከሜዳው ማዶ፣ ሰማያዊ ሆኖ ጉና ተቀምጧል። በጠርሙሱ መስመር ላይ ሳይሆን ከጠርሙሱ በላይ ነው፤ እሱን ለማየት ጠርሙሱም አያስፈልግም። በዚያው ሰዓት ጉንዳን በሱሪዬ ውስጥ ወደ ላይ ጉዞ ጀምሯል።

ከታች ጸሎቱ አበቃ። «እህ፣ ምን ይላል ጠርሙስህ?» አሉኝ መሪጌታ።

መዋሸት ቀላል ነበር። ዘበኛ የለ፣ ምስክር የለ፤ ሁሉም ከእኛ በታች ነው ብል ማታ ልጄ በአያቷ ክንድ ላይ ናት፣ ዝናሽም ትታረቃለች። ውሸቱን አፌ ውስጥ አዘጋጅቼው ነበር። ግን አንዴ መለካት ከጀመርክ ልኩን መደበቅ አይቻልህም፤ ምን ዓይነት በሽታ እንደሆነ አላውቅም። የዝናሽን ፊት እያሰብኩ፣ እየፈራሁ፣ በአንድ እጄ ጉንዳን እየነቀልኩ ተናገርኩ።

«ጉና ይታያል፣ መሪጌታ። በጣም ይበልጣል።»

ከታች ሳቅ ሰማሁ። መሪጌታ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ጉናማ እንዴት አይበልጥ? እኔ ከጉና ግርጌ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጉና መኖሩን ረስቼ ነው የተሳልሁ?»

«ታዲያ ስለትዎ ሊጎድል ነው እኮ።»

«ስለቴ በኔ ዓይን ነው ልጄ፤ ያንተን ዓይን ማን ጠየቀው? የኔ ዓይን ጉናን ካየ ስንት ክረምት አለፈ። ከሆስፒታሉ ደጅ ቆሜ የታየኝ ያ ጥቁር ጉብታ ብቻ ነው፤ እሱንም በጥላው ነው። ዘጌንማ የት አይቸው። አሁን ከጉብታው የሚበልጥ ላይ ወጥቼ ጸለይሁ፤ ስለቴን አስበለጥሁት እንጂ አላጎደልሁትም።»

ዛፉ ላይ ተቀምጬ ተገልብጦ የተያዘው መጽሐፍና በየመንገዱ የተያዘው ትከሻዬ አንድ በአንድ መጡብኝ። ፍቅር ያልኩት ምርኩዝ ነበር። ታዲያ ለምን ዘጌ ድረስ መጡ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ዘበኛው ጸሎቴን አቋረጠኝ። አንተ ደግሞ አራራት አልህ፤ እግሬ እንዲነካው ጓጓሁ። ጠርሙስህን ይዘህ ስትፍነከነክም ደስታህን ላፈርስ አልወደድሁም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለዝናሽ እንዳትነግራት። ሆስፒታል ታስተኛኛለች፤ ተማሪዎቸ ይበተናሉ።»

መውረዱ ከመውጣቱ የባሰ ነበር፤ ኮቴ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ዘጌ ቀርቷል። በተመለስንባት ጀልባ ትከሻዬን እኔው ራሴ ጠጋ አድርጌ ሰጠኋቸው።

ቤት እንደገባን መሪጌታ እጃቸውን ታጥበው ከመደቡ ተቀመጡና ጋቢያቸውን ገለጡ። «አምጫት» አሉ። ዝናሽ ልጅቷን አስታቀፈቻቸው። እሳቸው ልጅቷን ወደ ፊታቸው አነሷት፤ ቀስ እያሉ አቀረቧት፣ አሁንም አቀረቧት፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ ተገናኙ። አልሳሟትም። እንዲያው ያያሉ፣ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን በየተራ ያያሉ። ዝናሽ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ከዚያ በኋላ የሚነገራት ነገር አልነበረም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ይኸ አፍንጫ የማን ነው?» አሉ መሪጌታ።

 ነፃ እጃቸውን ወደ አየር ዘርግተው «ና እስቲ ወዲህ» አሉኝ። ጠጋ ብዬ ተንበረከክሁ። መዳፋቸው ከግንባሬ ጀምሮ ወረደ፣ አፍንጫዬ ላይ ቆመ፣ አልፎ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ።

«አይ ዝናሽ» አሉ፣ «እኛ አገር ላገር ተራራ ስንፈልግ ጉና እዚሁ ቤትሽ ነበር ለካ።»

ዝናሽ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ሳቀች፤ እያለቀሰችም ነበር። አባቷን ግን ለንግሡም ቢሆን እንዲያው አልለቀቀችም፤ ማኅሌቱን ቆመው ተመልሰው ዓይናቸውን ሊታከሙ አስምላ ነው የላከቻቸው። መሪጌታም ቃላቸውን ጠበቁ። ከዚያ ወዲህ ከይፋግ ሰው በመጣ ቁጥር «ጉናው ደህና ነው ወይ?» ብለው ይልካሉ፤ ስሜን የሚያውቅ ሰው እዚያ አገር ያለ አይመስለኝም። ሽማግሌ ሳይልክ በአፍንጫው አማች የሆነ ሰውም ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።